ስለ ኤሌክትሮኒክስ አማተሮች የመጽሔት ዓምድ፤ ከመቱና ከኢሉባቡር ከተሞች አንባቢ አንጻር የቀረበ ሒስ

ስለ ግጥም፣ ስለ ልብ ወለድና ስለ ቲያትር ሒስ መጻፍ በተማሪዎች ዘንድ የተለመደ ነው። ስለ ሬዲዮና ስለ ኮምፒዩተር አሠራር ለአማተሮች የሚጻፈው የመጽሔት ዓምድ ግን እንደ ድርሰት ተቆጥሮ ሲመረመር እምብዛም አይታይም። ብዙ ሰው ይህን ዓይነቱን ጽሑፍ የሚመለከተው እንደ መድኀኒት ማዘዣ ወረቀት ነው፤ የታዘዘውን ፈጽሞ ይጥለዋል እንጂ ስለ አጻጻፉ አይከራከርም። ሆኖም ይህ ድርሰት ከሌሎቹ ሁሉ የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው። ይኸውም አንባቢው ንባቡን ከጨረሰ በኋላ የጸሐፊውን እውነተኛነት በገዛ ጠረጴዛው ላይ መፈተን መቻሉ ነው። ግጥም ቢከፋ አንባቢው ይሰለቻል፤ የሠርኪዩት ሥዕል ቢሳሳት ግን ዕቃው ይቃጠላል፤ አልፎ ተርፎም ሰው ይጎዳል።

አማተር የምንለው ለደመወዝ ሳይሆን ለፍቅሩና ለዕውቀቱ ሲል በትርፍ ጊዜው ሬዲዮ፣ የድምፅ ማጉያ ወይም ኮምፒዩተር የሚሠራውን ሰው ነው። ለዚህ ሰው የሚጻፈውን ዓምድ በሦስት ጥያቄዎች ልንመዝነው አስበናል። 1ኛ፤ ዓምደኛው አንባቢው በእጁ ምን ዕቃ አለው ብሎ ይገምታል? 2ኛ፤ የአሠራሩን ምክንያት ያስረዳል ወይስ ትእዛዝ ብቻ ይሰጣል? 3ኛ፤ በምን ቋንቋና በማን ቃል ይናገራል? መለኪያ አድርገን የወሰድነውም አንባቢ በመቱ፣ በጎሬ፣ በበደሌ ወይም በያዮ ሬዲዮና ስልክ እየጠገነ የሚተዳደር ወጣት፣ ወይም በእነዚሁ ከተሞች በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ የሚማር ልጅ ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

የታወቁት ዓምደኞች ሥራ

በእንግሊዝ አገር ይታተም በነበረው በዋየርለስ ወርልድ መጽሔት «ካቶድ ሬይ» በሚል የብዕር ስም ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ይጽፉ የነበሩት መሐንዲሱ ሚስተር ስክሮጊ ነበሩ። የእርሳቸው ዘዴ አንባቢው «ይህንስ ዐውቀዋለሁ» ብሎ ያለፈውን ነገር እንደገና መክፈት ነው። ቮልቴጅ ምንድን ነው? ሁለት ሞገዶች ሲደመሩ ምን ይሆናል? እነዚህን የመሰሉ ጥያቄዎች አንሥተው ጀማሪውንም የተማረውንም በአንድ ወንበር ያስቀምጣሉ። መጽሔቱ ለአማተር ቢሆንም ለትልቅ አሳብ ቦታ አይነፍግም ነበር፤ ሚስተር አርተር ክላርክ ከምድር በላይ ስለሚቆም የሬዲዮ ማስተላለፊያ የጻፉት ዝነኛ ጽሑፍ የወጣው በኦክቶበር 1945 በዚሁ መጽሔት ነው።

በአሜሪካ ደግሞ ሚስተር ፎረስት ሚምስ ከ1975 ጀምሮ በፖፑላር ኤሌክትሮኒክስ መጽሔት ለሞካሪዎች ዓምድ ይጽፉ ነበር። እኒህ ሰው በዩኒቨርሲቲ የተማሩት የመንግሥት አስተዳደር ጥናት እንጂ ኤሌክትሮኒክስ አይደለም። ምናልባትም በዚህ ምክንያት ይሆናል፣ ጀማሪው የሚደናቀፍበትን ድንጋይ ከማንም ይልቅ የሚያውቁት። በ1983 ለሬዲዮ ሻክ መደብሮች ያዘጋጁት የጀማሪዎች መጽሐፍ ፊደሉም ሥዕሉም በእጅ የተጻፈ ነበር፤ ከአንድ ሚሊዮን ቅጂ በላይም ተሽጧል። የእጅ ጽሑፉ ውበት ብቻ አይደለም። አንባቢው ገጹን ሲያይ «ይህን የሠራው እንደ እኔ እርሳስ የያዘ ሰው ነው» ብሎ ይደፋፈራል። የኅትመት ፊደል ይህን ድፍረት አይሰጥም።

ሦስተኛው ሚስተር ስቲቭ ሲያርሻ ናቸው። ከኖቬምበር 1977 እስከ 1988 በባይት መጽሔት በየወሩ በቤታቸው ምድር ቤት የሠሩትን መሣሪያ ያቀርቡ ነበር፤ ከዚያም የራሳቸውን መጽሔት አቋቋሙ። የእርሳቸው ዓምድ ብርታት ታሪክ ማስቀደሙ ነው። በመጀመሪያ አንድ የቤት ውስጥ ችግር ይነሣል፤ ከዚያ መሣሪያው የችግሩ መልስ ሆኖ ይመጣል። አንባቢው ዕቃውን ባይሠራ እንኳ አንድ መሐንዲስ ከችግር ተነሥቶ ወደ መፍትሔ እንዴት እንደሚጓዝ ተምሮ ይነሣል።

እነዚህን ሦስቱን ስናነጻጽር ስክሮጊ ምክንያትን፣ ሚምስ ድፍረትን፣ ሲያርሻ ደግሞ አካሄድን ያስተምራሉ ማለት ይቻላል። ሁለተኛውን ጥያቄያችንን በሚገባ ይመልሳሉ። በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ግን ነገሩ ይለወጣል።

ከዓምዱ በስተጀርባ ያለው ገበያ

የእነዚህን መጽሔቶች አሮጌ እትሞች የሚያገላብጥ ሰው ዓምዱን ብቻ ቢያነብ ይታለላል። ከዓምዱ ቀጥሎ ያሉት የማስታወቂያ ገጾች የድርሰቱ ሁለተኛ ክፍል ናቸው። ጸሐፊው «አንድ 555 ቺፕ ውሰድ» ሲል፣ ቺፑ በየከተማው ባለው የሬዲዮ ሻክ መደብር ወይም በፖስታ በሚልኩ ነጋዴዎች ዘንድ እንደሚገኝ ዐውቆ ነው። ሬዲዮ ሻክ በፌብሩዋሪ 2015 የኪሳራ ማመልከቻ ባቀረበ ጊዜ ብዙ የቆዩ ዓምዶችም ከእግራቸው በታች የነበረው ወለል ተነሣባቸው።

ሁለት ምሳሌዎች እናንሣ። ሚስተር ዶን ላንካስተር በሴፕቴምበር 1973 በሬዲዮ ኤሌክትሮኒክስ መጽሔት በቴሌቪዥን ላይ ፊደል የሚጽፍ መሣሪያ አቀረቡ። መጽሔቱ የያዘው ግን የመሣሪያውን ጠቅላላ ገለጻ ነበር፤ ሊሠራው የፈለገ ሰው ዝርዝሩን ለማግኘት 2 ዶላር ከፍሎ ሌላ ጥራዝ ማዘዝ ነበረበት። በጃንዩዋሪ 1975 ደግሞ ፖፑላር ኤሌክትሮኒክስ አልቴር 8800 የተባለውን ኮምፒዩተር በሽፋኑ አወጣ፤ የመገጣጠሚያው ዕቃ ዋጋም 397 ዶላር ተባለ። ለፎቶግራፍ የተላከው እውነተኛው መሣሪያ በመንገድ ስለ ጠፋ፣ በሽፋኑ ላይ የታየው ውስጡ ባዶ የሆነ ሣጥን ነበር። ይህን የምናነሣው ለማሾፍ አይደለም። ያ ባዶ ሣጥን በሺህ የሚቆጠር ትእዛዝ አምጥቷል፤ የቤት ኮምፒዩተር ታሪክም ከዚያ ተስፋፋ። ነገር ግን ባዶውን ሣጥን ሊሞላው የቻለው በጀርባው ፋብሪካ፣ ባንክና ፖስታ ስለ ነበረ ነው። ዓምዱ ተስፋ ይሰጣል፤ ተስፋውን የሚፈጽመው ገበያው ነው። ገበያው በሌለበት አገር ያው ዓምድ ባዶ ሣጥን ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ዓምዱ ወደ ኢሉባቡር ሲመጣ

መቱ ከአዲስ አበባ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። አንድ አነስተኛ ክፍል የተቃጠለበት ጠጋኝ ወይ ከመርካቶ እስኪመጣለት ይጠብቃል፤ ወይ ደግሞ ከሞተ ሬዲዮ ነቅሎ ያወጣል። አብዛኛውን ጊዜ የሚያደርገው ሁለተኛውን ነው። እንግዲህ የውጭው ዓምድ «ግዛ» በሚል ግሥ ሲጀምር፣ የኛ ሰው ሥራ የሚጀምረው «ንቀል» በሚለው ነው። ሁለቱ ግሦች የተለያየ ዕውቀት ይጠይቃሉ። አዲስ ካፓሲተር የገዛ ሰው ልኩን ከማሸጊያው ላይ ያነባል፤ ከአሮጌ ሰሌዳ ላይ የነቀለ ሰው ግን ዕቃው ደኅና መሆኑን፣ ምን ያህል ቮልት እንደሚችል፣ ስንት ዓመት እንደ ደረቀ መመርመር አለበት። ይህን የሚያስተምር ዓምድ በታወቁት መጽሔቶች ውስጥ ጥቂት ነው።

የከፋው ጉዳት የሚመጣው ግን ከኤሌክትሪኩ ልዩነት ነው። የአሜሪካ ዓምድ የሚጻፈው ለ120 ቮልትና ለ60 ሄርዝ ነው፤ የኛ መብራት 220 ቮልትና 50 ሄርዝ ነው። ከ120 ወደ 12 ቮልት የሚያወርድ ትራንስፎርመር ከእኛ ሶኬት ላይ ቢሰካ የሚያወጣው 22 ቮልት ይሆናል። ይህ በዳዮድ ሲቃና ጫፉ 31 ቮልት ያህል ይደርሳል፤ በሥዕሉ ላይ የታዘዘው ካፓሲተር የ16 ወይም የ25 ቮልት ከሆነ ይፈነዳል። ጉዳቱ በዚህ አያበቃም። የትራንስፎርመሩ ብረት የሚሸከመው መግነጢስ የሚወሰነው ቮልቱ ለሄርዙ ሲካፈል ነው፤ በአሜሪካ 120 ለ60 ሲካፈል 2 ይሆናል፤ በእኛ 220 ለ50 ሲካፈል 4.4 ይሆናል። ብረቱ ከተሠራበት ልክ ከእጥፍ በላይ ስለሚጫንበት ይጠግባል፤ ሽቦው ይግላል፤ መጠቅለያው ይቃጠላል። በመቱ አቅራቢያ የሚገኘው የሶር የውሃ ኀይል ማመንጫ 5 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ከማመንጫው ጎን የሚኖር ልጅ በገዛ ቤቱ ስላለው ኤሌክትሪክ የሚነግረው ገጽ አጥቶ የኦሃዮን ኤሌክትሪክ ማንበቡ የሚያሳዝን ነገር ነው።

የአየሩም ጠባይ እንዲሁ ነው። ጎሬ በአገራችን ብዙ ዝናብ ከሚያገኙት ከተሞች አንዷ ስትሆን፣ በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ይወርድባታል። እንዲህ ባለ አገር ርጥበት የብየዳውን መገጣጠሚያ ያዝጋል፤ መብረቅ በአንቴናና በመብራት ሽቦ ገብቶ ዕቃውን ይመታል። የመብራቱም ከፍ ዝቅ ማለት የቴሌቪዥንና የቻርጀር ጠላት ነው። በደረቅ ምድር ቤት ተቀምጦ የሚጽፍ ሰው ስለ ሻጋታ ባይጽፍ አንወቅሰውም። የምንወቅሰው የእርሱን ዓምድ ቃል በቃል ተርጉሞ ለጎሬ አንባቢ የሚያቀርበውን ነው።

እዚህ ላይ የሕንድን አገር ምሳሌ ማንሣት ይጠቅማል። ኤሌክትሮኒክስ ፎር ዩ የተባለው የኒው ዴልሂ መጽሔት ከ1969 ጀምሮ ይታተማል። የሕንድም መብራት እንደ እኛ 50 ሄርዝ ነው። መጽሔቱ አንባቢዎች ራሳቸው የሞከሩትን ሠርኪዩት እንዲልኩ ቦታ ሰጥቷል፤ ለሠርኪዩቶቹ የሚያስፈልገው ዕቃ በአገሩ ገበያ እንዲገኝም ተደርጓል። ስለዚህ የድኻ አገር አማተር ዓምድ ሊኖረው አይችልም ማለት ስሕተት ነው። የሚያስፈልገው ጸሐፊው የራሱን አገር ጠረጴዛ አይቶ መጻፉ ነው።

በአማርኛ ያለን ምንድን ነው?

በአማርኛ ጋዜጦችና መጽሔቶች የሳይንስና የቴክኖሎጂ ዓምድ አዲስ ነገር አይደለም። በቴሌቪዥንም ቢሆን በኢ.ቢ.ኤስ. የቀረበው የአቶ ሰሎሞን ካሳ «ቴክ ቶክ» ብዙ ወጣት ስለ ቴክኖሎጂ በአማርኛ ሲነገር እንዲሰማ አድርጓል፤ ይህም ምስጋና የሚገባው ሥራ ነው። ነገር ግን አብዛኛው የኅትመት ዓምዳችን ዜና ነጋሪ ነው። እገሌ የተባለ ኩባንያ አዲስ ስልክ አወጣ፣ በጃፓን እንዲህ ያለ ሮቦት ተሠራ ይላል። አንባቢው ይደነቃል፤ ገጹን ከጨረሰ በኋላ ግን ከጠዋቱ የተለየ ምንም ነገር መሥራት አይችልም። ስለ ጠላ ማውራትና ጠላ መጥመቅ ልዩ ልዩ ናቸው። አድናቆት ብቻ የሚያስተምር ዓምድ ውሎ አድሮ «ይህ የሌሎች ሥራ ነው» የሚል እምነት በልጁ ልብ ይተክላል። እኛ ከማንኛውም የቴክኒክ ስሕተት ይልቅ የምንፈራው ይህን ነው።

ሦስተኛው ጥያቄያችን የቃል ጉዳይ ነው። በ1990ዎቹ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ሊቃውንት የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት አዘጋጅተው አሳትመዋል፤ ሥራው ትልቅ ድካም የተደረገበት ነው። ዓምደኛ ግን ሁለት ዓይነት ሕዝብ ያናግራል። ተማሪው ከእንግሊዝኛ መማሪያው «ሬዚስተር» የሚለውን ያውቃል፤ ጠጋኙም ይህንኑ ይላል። የሬዲዮ ባትሪን ግን አገሩ ሁሉ «ባትሪ ድንጋይ» ይለዋል፤ «ድንጋዩ አልቋል» ሲባል የማይገባው ሰው የለም። ስለዚህ ሕዝብ የያዘውን ቃል ትቶ ማንም የማይናገረውን አዲስ ቃል ማስቀደም ዓምዱን ያከብደዋል። በሌላ በኩል «ቮልት ይጠጣል»፣ «ካረንት አለው» በሚሉ አነጋገሮች ሁለት የተለያዩ ነገሮች ሲምታቱ ዓምደኛው ማቃናት ግዴታው ነው። ቃሉን ከሕዝብ ይውሰድ፤ ልዩነቱን ግን ራሱ ያስተምር። ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንደ ተባለው ይህን ልዩነት ራሱ ሳያውቅ ዓምድ የሚይዝ ሰው ብዙ ተከታይ ያሳስታል።

ከዚህም ጋር የማይዘለል ነገር አለ። የኢሉባቡር ከተሞች የአብዛኛው ሕዝብ የአፍ መፍቻ ኦሮምኛ ነው፤ ኦሮምኛም ከ1991 ጀምሮ በቁቤ ፊደል ይጻፋል። በጠጋኙ ሱቅ ደንበኛው የሬዲዮውን ሕመም የሚናገረው በኦሮምኛ ነው። እኛ በአማርኛ ስንጽፍ ይህን ሰው ከበር ውጭ ማስቀረት የለብንም። ደግነቱ የሠርኪዩት ሥዕል ፊደል አይመርጥም፤ ያው ሥዕል በሁለት ቋንቋ ማብራሪያ ጎን ለጎን ሊታተም ይችላል። ሚስተር ሚምስ ሥዕሉን የጽሑፉ ጌታ ማድረጋቸው ለእኛ ከሁሉ የበለጠ ትምህርት የሚሰጠው በዚህ በኩል ነው።

ሁለት ተቃውሞዎች

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ዛሬ ሁሉም ነገር በቪዲዮ ይታያል፤ ዓምድ ለምን ያስፈልጋል?» ይላሉ። ቪዲዮ እጅ ሲሠራ ያሳያል፤ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ሆኖም እጁ ለምን ወደዚያ እንደ ሄደ አብዛኛውን ጊዜ አይነግርም፤ ዕቃው ትንሽ ሲለወጥ ተመልካቹ ይጠፋበታል። በዚያም ላይ ቪዲዮ የኢንተርኔት ሒሳብና መብራት ይፈልጋል። የታተመ ገጽ ግን በሱቁ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ መብራት በጠፋበት ሰዓትም ይነበባል።

ሌሎች ደግሞ «የዛሬ ዕቃ ሁሉ ጥቃቅን ቺፕ ነው፤ በእጅ የሚጠገን ነገር አልቀረም» ይላሉ። ይህ በከፊል እውነት ነው። ይሁን እንጂ ቺፑ ሳይነካ የሚበላሸው ብዙ ነው። የቻርጀር ገመድ ይበጠሳል፤ ካፓሲተር ይደርቃል፤ ፊውዝ ይቃጠላል፤ ማብሪያ ማጥፊያ ይዝጋል፤ የፀሐይ መብራት ባትሪ ይሞታል። ለአንድ ዓመት ዓምድ የሚበቃ ርእስ በእነዚህ ብቻ ይገኛል።

ናሙና

ሒስ ብቻ ሰጥቶ መሄድ ቀላል ስለ ሆነ፣ እንዲጻፍ የምንሻው ዓምድ ምን እንደሚመስል በአጭሩ እናሳይ። ርእሱ ከሞተ ሬዲዮ የሚሠራ የማታ መብራት ይሁን። ሦስት ባትሪ ድንጋይ ተከታትሎ ሲታሰር እያንዳንዱ 1.5 ስለ ሆነ 4.5 ቮልት ይሰጣል። ቀይ ኤል.ኢ.ዲ. 2 ቮልት ያህል ይወስዳል። የቀረውን 2.5 ቮልት ሬዚስተር መሸከም አለበት። 10 ሚሊ አምፔር እንዲያልፍ ብንፈልግ 2.5 ለ0.01 ሲካፈል 250 ኦም ይሆናል። ይህ ልክ በአሮጌ ሰሌዳ ላይ ላይገኝ ይችላል፤ 270 ኦም ግን በየሰሌዳው የተለመደ ነው፤ ቀለበቶቹም ቀይ፣ ወይን ጠጅና ቡናማ ናቸው። በዚህ 9 ሚሊ አምፔር ያህል ያልፋል። ድንጋዮቹ ደክመው ሦስቱ በአንድነት 3 ቮልት ሲደርሱ እንኳ ወደ 4 ሚሊ አምፔር ስለሚያልፍ መብራቱ ይደበዝዛል እንጂ አይጠፋም። ካልበራ በመጀመሪያ ኤል.ኢ.ዲ.ውን ገልብጦ ማየት ነው፤ የሚሠራው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነውና። ቀጥሎ የድንጋዮቹ ጫፍ ዝጎ እንደ ሆነ በቢላዋ ፍቆ መሞከር ነው።

በዚህች አጭር ናሙና ውስጥ አንባቢው የሚገዛው ድንጋዩን ብቻ ነው፤ ልኩ ለምን እንደ ተመረጠ ተነግሮታል፤ አልሠራ ሲልም ወዴት እንደሚያይ ተጽፎለታል። ይህ የመጨረሻው ከሁሉ ይበልጣል። ሠርኪዩቱ ባልሠራ ጊዜ መጽሔቱ ዝም ካለ ልጁ ስሕተቱን ከገጹ ላይ አይፈልግም፤ ራሱን ሰነፍ አድርጎ ይቆጥራል። በዚህ ዓይነት ስንት ሠራተኛ እጅ ገና በጠዋቱ ከሥራው እንደ ተመለሰ ማን ይቈጥረዋል?

ማጠቃለያ

እንግዲህ ከላይ የተመለከትናቸው የውጭ ዓምደኞች በማስረዳት፣ በማደፋፈርና በአካሄድ ሊመሰገኑና ሊጠኑ ይገባል። ጉድለታቸው የእነርሱ ጥፋት አይደለም፤ ለራሳቸው አገር ጠረጴዛ ጽፈው ነበርና። ጥፋት የሚሆነው እኛ ጠረጴዛቸውን ከነሶኬቱ ስንገለብጥ ነው።

ስለዚህ ለመምህሮቻችንና ለተማሪ ጓደኞቻችን አንድ አሳብ እናቀርባለን። በአገራችን በ5 ኪሎው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚገኘው ኢ.ቲ.3.ኤ.ኤ. የተባለው የአማተር ሬዲዮ ጣቢያ ዕውቀት በፍቅር ሲያዝ ምን እንደሚሠራ የሚያሳይ ነው። መቱም የራሷ ዩኒቨርሲቲና የምህንድስና ተማሪዎች አሏት። ከእነዚህ ተማሪዎችና ከከተማው ጠጋኞች በአንድነት የሚዘጋጅ አንድ ገጽ ቢጀመር ወጪው ትንሽ ነው። ለገጹም አንድ ሕግ ብቻ ይኑረው፤ ይኸውም ጸሐፊውን የማያውቅ ሌላ ሰው፣ ጽሑፉን ብቻ ይዞ፣ በመቱ ወይም በበደሌ በተገኘ ዕቃ ሠርቶ ያላስነሣው ሠርኪዩት እንዳይታተም። ሕጉ ጥብቅ ነው፤ በዓመት የሚወጣው ገጽ ምናልባት ከአራት ወይም ከአምስት አይበልጥ ይሆናል። ነገር ግን አምስት የሚሠሩ ገጾች በአንድ ሱቅ ግድግዳ ላይ ቢለጠፉ፣ የማይሠሩ መቶ ገጾች በመደርደሪያ ላይ ከሚከመሩ ይሻላል።